ዱባ ያልኩት ፊደል

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ከሐኪም ቤት ስመለስ አንድ አዲስ የተከፈተ ጁስ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ። ጠምቶኝ አልነበረም፤ የቆምኩት ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ለማየት ነው። «ስፕሪስ» ይላል፣ ቢጫ መደብ ላይ በብርቱካንማ ቀለም። ፊደሎቹ ወፍራም፣ ድብልብል፣ ጫፋቸው ሁሉ የተሞረደ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዘመም ያሉ ናቸው። ሊስቁ ምንም ያልቀራቸው ይመስላሉ። አስተናጋጇ መነጽሬን አውጥቼ ሳፈጥጥ አይታኝ «እማማ፣ ይግቡ፣ ወንበር አለ» አለችኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ስኳር ስላለብኝ ግን ውኃ ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ። ይህን ፊደል አውቀዋለሁ። ዛሬ በየባጃጁ ጀርባ፣ በየመዋዕለ ሕጻናቱ ግድግዳ፣ በየልደቱ ባነር ላይ ሞልቷል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ከተማ መጀመሪያ ያተምኩት እኔ ነኝ ብል ግን የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም፤ ሊከራከሩኝ ይችሉ የነበሩት አብዛኞቹ አልፈዋል።

ያኔ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንድ ክፍል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። አርባ ምንጭ የመጣሁት ባለቤቴ ከደብረ ማርቆስ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ሲዛወር ነው። «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ልጆቻችን እዚሁ ተድረው እዚሁ ወልደዋል። እኔም ለብዙ ዘመን መንግሥት ቤት ታይፕ ስቀጠቅጥ ቆይቼ በመጨረሻ የራሴን በር ከፈትኩ። አንድ ገጽ ማስጻፍ ሁለት ብር፣ ፎቶ ኮፒ ሃምሳ ሳንቲም። የላንቴ ሙዝ በአንድ ብር ተገዝቶ ለቤተሰብ ይበቃ የነበረበት ጊዜ ነው። ጎረቤቴ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ካሴቱ በሲዲ እየተተካ ስለነበር ያልተሸጠለትን ሁሉ እልህ ይዞት ከጠዋት እስከ ማታ በትልቁ ይለቅቀዋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲብስ ዘፈኑ ራሱ ደክሞት የሚጎተት ይመስለኛል። ወጣቱ ከታች የሚሰፋ ጂንስ ለብሶ መንገዱን እየጠረገ ያልፋል፤ ከደጋ የሚወርዱት ገበሬዎች ቡሉኮ ደርበው፣ የጋሞን ዱንጉዛ ሱሪ ታጥቀው፣ በኮንጎ ጫማ ድንጋዩን እየረገጡ ይመጣሉ። ዛሬ መንገዱ ኮብልስቶን ሆኖ እግሬ ሲያመኝ ያ አቧራ ይናፍቀኛል ብል ልጆቼ ይስቁብኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ በሙያዬ ኩሩ ነበርኩ። ከእኔ ቤት የሚወጣ ወረቀት ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ «ለ» አለው፣ መሐል ላይ ከሥሩ የተሰመረበት «ጉዳዩ» አለው፣ መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» አለው። ከካምባ የመጣ ማመልከቻም ሆነ የሰፈር ዕቁብ ደንብ ሁሉም በአንድ ልክ ይሰፋል። ፊደሌም ያው ቀጭኑ፣ ቀጥ ያለው የመሥሪያ ቤት ፊደል ነበር። የቢሮ ሰዎች ወረቀቱን ገና ከሩቅ አይተው «ይኼ የእትዬ አስካለ ሥራ ነው» ይላሉ ሲባል ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ድብልብሉን ፊደል ያመጣብኝ ከድር ነው። ከድር ከስልጤ አገር መጥቶ ከመናኸሪያው ማዶ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ዕቃ ሊያመጣ በየሁለት ሳምንቱ መርካቶ ይሄዳል፤ ቀልድ አያልቅበትም። ኮምፒውተሬንም ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ዕቃ ነበር። ሻጩ በምርቃት አንድ ሲዲ ሙሉ የአማርኛ ፊደል ዓይነት ጨምሮበታል። አንድ ከሰዓት ሥራ ጠፍቶ አንድ በአንድ ስከፍታቸው ያ ወፍራም ብቅ አለ። «መ» ሁለት ሆድ አውጥቷል፣ «ለ» እግሩ አብጧል፣ «ወ» እንደተጣበቁ ሁለት ዳቦዎች ሆኗል። ስሙ በፈረንጅ ቋንቋ ስለሆነ ዱባ አልኩትና ዘጋሁት። ይህንን ማን ቁም ነገር ይጽፍበታል ብዬ ነው። ከድር ግን ከጀርባዬ ቆሞ ኖሮ «እትዬ አስካለ፣ ለሱቄ በዚህ ያውጡልኝ» አለ። «ብርድ ልብስ ገብቷል» ብዬ አወጣሁለት። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ወረቀቱን እያየ ፈገግ ብሎ ሲገባ አየሁ፤ ቢሆንም ዱባን የሱቅ ማስታወቂያ አድርጌ ቆጥሬ ተውኩት።

አቶ ሻንካ የገቡት በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። የጋሞ ደጋ፣ የገረሴ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት እያቀላቀለ የሚሄድ። መጀመሪያ ቀን «አንቺ» ብለው ሲጀምሩኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን አንቺነቱ ከሳቸው አፍ ሲወጣ የቤተሰብ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። ነገራቸው ይህ ነው። አለሚቱ የምትባል አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። ለወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር፤ ልጅቷ ግን በገበያ ቀን አይሱዙ ላይ ወጥታ አዲስ አበባ ገባች። እሳቸውም በንዴት፣ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «በፖሊስ ነው የማስመልሳት» ብለው ማሉ። ያ ወሬ ልጅቷም ጆሮ ደርሷል። ይህ ከሆነ ሁለት መስቀል አልፏል። አሁን ደግሞ እናቷ ታማለች፤ ልጅቷ ሽሮ ሜዳ አንድ ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ ከአገራቸው ሸማኔዎች ተሰምቷል።

ለጋሞ ሰው መስቀል ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። አዲስ አበባ የሚሸምነው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቅቤው፣ ሥጋው፣ አዲሱ ልብስ ይዘጋጃል፤ የተጣላም ሳይታረቅ በዓሉን መብላት ነውር ነው። እናትየዋ አልጋ ላይ ሆና «ለመስቀል ልጄን አምጣልኝ፣ ከእሷም ታረቅ» ብላ ነው የላከቻቸው። እሳቸው ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ያህል ደጋገሙልኝ፤ «እኔ አይደለሁም፤ እናትዋ ናት የምትጠራው»። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው እንደማይወጣ ያን ቀን ገባኝ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ቀን ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ «ለወይዘሪት አለሚቱ ሻንካ» አልኩ። «ጉዳዩ፦ በአስቸኳይ እንድትቀርቢ ስለማሳሰብ» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። እናቷ መታመሟን ከታች በሁለተኛው አንቀጽ አስገባሁት፤ መሥሪያ ቤት ዋናውን ነገር እዚያ ነው የሚያደርገው። አቶ ሻንካ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና ማኅተም የለውም ብለው አዘኑ። በሳምንቱ ገረሴ ድረስ ወስደው የእድራቸውን ክብ ማኅተም በወይን ጠጅ ቀለም አስመቱበትና ለከድር ሰጡት። ደብዳቤው አምሮብኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዕድሜዬ ሙሉ ሥራ አንዱን እንዳልሠራ አድርጊ ብባል ያንን ነው የማነሣው።

ከድር ሲመለስ ሳይቀልድ ገባ። ቤቱን አግኝቶ ወረቀቱን ለልጅቷ በእጇ ሰጥቷታል። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ቀጭኑ ፊደል ስላስቸገራት ለቤቱ እመቤት ሰጠቻት። እመቤቲቱ ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ «እንድትቀርቢ» የሚለውን አየችና «ይኼማ መጥሪያ ነው፤ ተከሰሻል ልጄ» አለቻት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የደረሰ የለም። ከድር ዕቃውን ጭኖ ሊመጣ ሲል «መልስ አለሽ?» ብሎ በዚያው ቢያልፍ ልብሷን ሰብስባ ሄዳለች፣ የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም። አቶ ሻንካ ይህን ሲሰሙ ሱቄ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዓመት መስቀል አለሚቱ አልመጣችም። ጥር ላይ እናቷ ሞተች።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ አቶ ሻንካ እንደገና መጡ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ፂማቸው አድጎ ነጥቷል። ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። ወረቀት ሊያስጽፉ መምጣታቸውን ሲነግሩኝ ተገረምኩ፤ እኔ እሳቸውን ብሆን በዚያ በር ዳግመኛ አልገባም ነበር። ልጅቷ የት እንዳለች አሁንም አይታወቅም፤ ስለዚህ ደብዳቤ አይሆንም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መሆን አለበት። ከድር፣ ሸማኔ የሚውልበትን ሁሉ አውቃለሁ፣ እለጥፋለሁ ብሏቸዋል። እኔ ግን ፈራሁ። ግድግዳ ላይ ስሟን ስታይ ፖሊስ የሚፈልጋት መስሏት ከዚያም ብትሸሽስ? የሠራሁትን ጥፋት ሁለተኛ በትልቁ ልደግመው መሰለኝ። ይህንንም ለአቶ ሻንካ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቤቴ ያለውን የፊደል ዓይነት ሁሉ አትሜ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ማንበብ አይችሉም። ስምንት ዓይነት ፊደል፣ በስምንት ወረቀት፣ የልጅቷን ስም ብቻ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። በሬ እንደሚገዛ ሰው ከዳር ጀምረው እየዞሩ አዩ። ቀጭኑ ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ወደ ጎን ገፉት። ማዕዘኑ የሾለውን ገለበጡት። ዱባ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወረቀቱን አነሡና ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት።

«ይኼ አይቆጣም» አሉኝ። «ሌሎቹ ተቆጥተዋል፣ ርቧቸዋል። ይኼ በልቶ ጠግቦ ደጅ የተቀመጠ ሰው ነው። መንግሥት በዚህ አይጽፍም። በዚህ ጻፊልኝ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊደል ጋር የኖርኩት እኔ ያላየሁትን ፊደል የማያውቁ ሰው አዩት። ቀጥዬ ማን ነው የሚጠራት ልበል አልኳቸው፤ ቤተሰብሽ ልበል? ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ መሬት መሬቱን እያዩ «እኔ ነኝ በይ» አሉኝ። የእናቷንም ሞት ላንሣው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። መርዶ ግድግዳ ላይ እንደማይለጠፍ፣ እሱን ሽማግሌ በማለዳ ቤቷ አስቀምጦ እንደሚነግራት፣ እኔም ከአፌ እንዳይወጣ አስጠንቅቀው ነገሩኝ። ቃል ሰጠኋቸው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አለሚቱ ሻንካ፣ አባትሽ ነኝ። አልተቆጣሁም። ናፍቀሽኛል። ለመስቀል ገረሴ ነይ።» ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ጉዳዩም የለውም። ፊደሎቹ ገጹን ሞልተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ዘንበል ብለው፣ ሠርግ የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። ሃምሳ ቅጂ አወጣሁ። ዋጋውን ሲጠይቁኝ ከእርስዎ አልቀበልም አልኳቸው፤ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ትንሽ የገረሴ ቡላ እንዲያመጡልኝ ተስማማን።

ከድር ወረቀቶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰዳቸው። የአርባ ምንጭ አውቶቡስ የሚነሣበት፣ ሸማኔዎች ምሳ የሚበሉበት፣ ድርና ማግ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ለጥፎ መጣ። ሰው ምን ይላል አልኩት። አንዳንዱ አዲስ ካሴት የወጣ መስሎት ዘፋኙ ማነው እያለ ይጠይቃል፣ ልጆችም «አለሚቱ ነይ» እያሉ በመንገዱ ይጫወቱበታል አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ሲገባ ሥራዬን ትቼ በሩ ላይ እቆም ነበር። መልኳን እንኳ አላውቅም። መስቀል ሲቃረብ መናኸሪያው ሌላ ዓለም ይሆናል፤ ሸማኔዎቹ ጋቢና አዲስ ጫማ፣ ሬዲዮና ጃንጥላ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አንገቱን አቅፎ መንገድ ይዘጋል፤ የደጋው ቅቤ ሽታ ከሙዙ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ ልጁ ሁሉ በሞባይል «ደርሻለሁ» እያለ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ግን መምጣቱ የሚታወቀው ሲወርድ ነው። የሚወርደውን ሁሉ አለሚቱ ናት እያልኩ ስንት ሰው ላይ እንዳፈጠጥኩ እግዜር ይቁጠረው።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት በሩን ገና እንደከፈትኩ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፤ አንድ ፌስታል ይዛለች። ሰላምታ ሳትሰጠኝ ከደረቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ዘረጋችው። ማዕዘኖቹ ላይ የግድግዳ ቀለም አብሮ ተቀርፏል፤ ዱባ ግን እንዳለ ነው። የለጠፈው ከድር መሆኑን ሰዎች ነግረዋት፣ ሱቁ ሄዳ ጠይቃ ወደ እኔ ልከዋት ነው።

«እትዬ፣ ይኼን አባቴ ነው ያለው? ራሱ በአፉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ራሳቸው በአፋቸው ነው አልኳት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደነበር አሳየኋት። ወንበሩን አየችው። ስለ እናቷ ትጠይቀኛለች ብዬ ስፈራ ነበር፤ አልጠየቀችኝም። እኔም ፕሪንተሩ ውስጥ የሌለ ወረቀት እፈልግ ጀመር። ወደ ገረሴ የሚወጣ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ስትጠይቀኝ ግን ብቻዋን ልሰዳት አልቻልኩም። ወደ ለቅሶ ቤት፣ ሳታውቅ፣ ፌስታል አንጠልጥላ እየፈነደቀች ስትገባ ታየኝ። ሱቁን ዘጋሁ፤ ለባለቤቴ በጎረቤቴ መልእክት ተውኩና ነጠላዬን ደርቤ አብሬያት አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ከጋቢናው ሁለት ቦታ ሰጡን። ሙዙና ማንጎው ከኋላችን ቀርቶ መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ እንሰቱና ቀርከሃው ሲመጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነበር።

ሌላውን ለመናገር ባልችልም የራሴን ጥፋት ይዤ እዚያ ቤት መግባት አልፈለግሁም። ዓምና የደረሰሽን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። መጥሪያ እንዳልነበረ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ጽፌው እንዳስደነገጥኳት፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳሳደድኳት ነገርኳት፤ ይቅር በይኝ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ ማን ነበር የሚጠራኝ ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ አልኳት። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም።

ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ክርኑ እየነካት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። በኋላ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ሻካራ ነበር፣ የሠራተኛ እጅ።

«አይጨነቁ እትዬ» አለችኝ። «እናቴ እንደሞተች አውቃለሁ።»

ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማንም አልነገረኝም። እናቴ ብትኖር የምትጠራኝ እሷ ናት። ግድግዳው ላይ አባትሽ ነኝ የሚለውን ሳነብ ገባኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ በጽሑፉ የምስቅ መስሏቸው አብረውኝ ሳቁ።» ፌስታሉን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ውስጡ አዲስ የወንድ ሸሚዝ አለ፣ ነጭ። «አባቴ መስቀልን ብቻውን በልቶ አያውቅም። ለዚያ ነው የመጣሁት።»